የማታ የሥዕል መጽሐፍ ንባብ፦ ባሕርዩና አካሄዱ

የሥዕል መጽሐፍ ንባብ በአንድ ወላጅና ገና ፊደል ባልቆጠረ ልጅ መካከል ከራት በኋላ የሚካሄድ ሥራ ነው። ዓላማው ልጁን ማስተኛት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚተኛው ወላጁ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ በሚታየው መልኩ አልጋ፣ መጽሐፍና መብራት ሲጠፋ የሚበራ ስልክ ይበቃዋል።

መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ወላጁ እያነበበ ይተረጉማል፤ ሲደክመው ድቡን ጅብ ያደርገዋል። ልጁ ሥዕሉን አይቶ «ጅብ አይደለም» ይላል፤ ክርክሩም በወላጁ መሸነፍ ይዘጋል። የመኪና መጽሐፍ ከሆነ ግን ሚናው ይገለበጣል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መፍረስ ከጀመረ ወዲህ በአካባቢው ስካቫተር የማያውቅ ሕፃን ማግኘት ያስቸግራል፤ ማብራሪያ ሰጪው ልጁ፣ አድማጩ አባትየው ይሆናሉ።

ከአገር ውስጥ ሥራዎች ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ2002 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያሳተሙት «ማሞ ቂሎ» ይጠቀሳል። ባለታሪኩ የእናቱን ምክር ሁልጊዜ ዘግይቶ፣ ለማይገባው ነገር ይሠራበታል። ተረቱ ስለ ልጁ ሞኝነት እንደሆነ አዋቂዎች ይስማማሉ። ሕፃናት ግን «እናቱ ለምን ቀድማ አልነገረችውም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው በአንባቢ እናቶች ዘንድ መልስ አላገኘም።

ድግግሞሽ ዋናው ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ከዛሬ ወላጅ አንድ ትልቅ ብልጫ ነበራቸው፤ ማንም ተመልካች «ድገሙልኝ» ሊላቸው አይችልም ነበር። ወላጁ ይህ ከለላ የለውም። መሸሻው ሁለት ገጽ አጣብቆ መግለጥ ነው፤ ማንበብ የማይችለው ልጅ ግን የጎደለውን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ጠርቶ ያስመልሰዋል። ይህን የመሰለ የኦዲት ሥራ በብዙ መሥሪያ ቤቶች አይገኝም። «አባዬ፣ ዘለልክ» የሚለው ግኝት ይግባኝ የለውም፤ ቅጣቱም ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና መጀመር ነው።

ንባቡ የሚያበቃው መጽሐፉ ሲያልቅ አይደለም። «ውሃ ጠማኝ» ይከተላል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም «ሽንቴ መጣ»። ሁለተኛው የመጀመሪያው ውጤት ስለሆነ በቅደም ተከተላቸው ላይ ልዩነት ታይቶ አያውቅም።