ደንብ በኪሎ

እንግዳ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ አቅጣጫ የምንነግረው እንዲህ ብለን ነው፦ «ቀጥ ብለህ ና፤ ‹ቆሻሻ መጣል› የሚል ግድግዳ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ። ግድግዳውን ካላየኸው ሽታው ይነግርሃል።» እስካሁን የጠፋብን እንግዳ የለም።

ጽሑፉ ድሮ ሁለት መስመር ነበረው። ከላይ «ቆሻሻ መጣል»፣ ከታች «በሕግ ያስቀጣል»፤ በቀይ ቀለም፣ ክንድ በሚያህል ፊደል። ክምሩ እያደገ ሄዶ የታችኛውን መስመር ዋጠው። ነዋሪውም ሕግ አክባሪ ነውና የቀረውን እንደተጻፈ ይፈጽማል። (የእኔም ፌስታል እዚያ ውስጥ አለ። የቆሻሻውን ክፍያ በየወሩ ከውኃ ሂሳብ ጋር እከፍላለሁ፤ ጋሪ የሚገፉት የማኅበሩ ልጆች ሁለት ሳምንት ሲጠፉ ልቀቅለው እንዴ?)

ደንብ አስከባሪ የላችሁም እንዳትሉን። አለን፤ ያውም ዓይነ ንቁ። ክምሩ አጠገብ አንዲት እናት በየማለዳው ማዳበሪያ ዘርግተው ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ። «ደንብ መጣ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ የማዳበሪያውን አራት ጫፍ ሰብስበው ሩጫ ነው። ደንቦቹ አፍንጫቸውን ይዘው፣ ክምሩን ተራምደው፣ ይከተሏቸዋል። ከደረሱባቸው ሽንኩርቱ ይወረሳል፤ የከተማዋን ገጽታ ያበላሻላ! እውነትም ሽንኩርት ክፉ ነው፣ ያስለቅሳል።

ነገሩን ሳጠናው ደንቡ በኪሎ እንደሚመዘን ገባኝ። አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሰው ይሸከመዋል፤ ስለዚህ ሕገ ወጥ ነው። በውድቅት ሌሊት በገልባጭ መኪና መጥቶ ወንዝ ዳር የሚራገፈውን የፈረሰ ቤት ግን ማን ይሸከመዋል? ስለዚህ ልማት ነው። ወረቀትማ ሞልቶናል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 መንገድ ላይም ሆነ ውኃ መውረጃ ውስጥ ቆሻሻ መጣልን ከከለከለ ቆይቷል፤ አዲስ አበባም ለወንዞቿ ደንብ ቁጥር 180/2017ን ጨምራለች። ገልባጩ ሁለቱንም አላነበበም፤ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ መብራት የለም።

ክብደት ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ እዚያው ሥር ቤት ቀልሰው ይኖሩ የነበሩ ናቸው። በዚህኛው አልቀልድም።

ሚዛኑ የሚሳሳተው ፖለቲካ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ከዚያው ግድግዳ ማዶ «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» ይላል። አንድ ተማሪ በእጁ ጽፎ የለጠፋት «ሒሳብ በቤትዎ አስጠናለሁ» የምትል ወረቀት ሳትደርቅ ተገነጠለች። ከጎኗ የነበሩት የሰኔ 2013ቱ ምርጫ ተወዳዳሪ ግን እስከ ዛሬ ፈገግ ብለው ያዩናል። ፀሐይ ፊታቸውን ሰማያዊ አድርጋዋለች፤ ዝናብ ግማሽ ጺማቸውን ላጭቷቸዋል፤ አንድ ጆሯቸውን ፍየል በልታዋለች። የፓርቲያቸውን ስም አልናገርም፤ ደንብ አስከባሪው ያውቀዋል። አንዱን ይዤ «ይሄስ ልጄ፣ ክልክል አይደለም?» አልኩት። ቀና ብሎ አየ፤ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ የበላይ አካል ጉዳይ ነው» አለኝ። ሃምሳ ግራም የማትሞላ ወረቀት ከገልባጩም ከበደችበት።

እኒያ ባለ ሽንኩርት እናት ከሁላችንም ብልህ ሆነው ተገኙ። ከዚያው ምርጫ የተረፈ የቅስቀሳ ባነር ከየትም ፈልገው አመጡና በአራት እንጨት ወጥረው ጥላ አደረጉት፤ ፊቱን ወደ መንገዱ። ባለፈው ሳምንት ደንቦቹ እንደ ልማዳቸው እየሮጡ መጡ። እሳቸው ግን አልተነሡም። ደንቦቹ ባነሩን አዩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንደኛው ፈንጠር ብሎ ስልክ ደወለ። ሲመለስ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዛ።

ሂሳቡንም ከፍሏል።