ቁርጭምጭሚትን ለጉና ውርጭ ማስረከቢያ ዘዴ

ለገና ወደ ጋይንት የምትወጣው የከተማ ልጅ፣ ዝግጅትህን ከሱሪው ጀምር። ጥብቅ ያለና ቁርጭምጭሚት ላይ ሳይደርስ አራት ጣት የቀረው ይሁን። ካልሲ ካልክም ጫማ ውስጥ ተደብቃ የምትቀረዋን አድርግ። ጫማህ ሸራ ይሁን፣ ደግሞም በቁጥር አንሶ እግርህን ቀፍድዶ ይያዝ፤ ደም እንደ ልቡ ከተዘዋወረማ ምኑን በረደህ? እናትህ በስልክ «ልጄ፣ ወፍራም ነገር ያዝ» ስትልህ «እሺ እማዬ» በልና ሽቶህን ያዝ።

ከደብረ ታቦር ወዲያ በክምር ድንጋይ በኩል ጉና ሲመጣ መስኮቱን ከፍተህ ቪዲዮ ቅረጽ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ አጠገብ ኮት መደረብ ለሽማግሌ ነው። ቢመክሩህ «እኔ የስማዳ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አያውቀኝም» በል። በሽሎ ቆላ ውስጥ ላብህን እየጠረግህ እንዳደግህ ማን ይነግርብሃል?

የታኅሣሥ 29 ዋዜማ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ትቆማለህ። ጫማ ማውለቅ ደንብ ነው፤ አንተ ካልሲዋንም ጨምራት። ሊነጋጋ ሲል፣ ጥርት ያለው ሰማይ የምድሩን ሙቀት ጠጥቶ ሲጨርስና ሣሩ በአመዳይ ሲነጣ፣ ለፎቶ መሀሉ ግባ። አመዳዩ ቀልጦ ሸራው ሲርስ አትቀይረው፤ እግርህ ላይ ይደርቃል።

የጉና እረኛ በዚያ ሰዓት ፕላስቲክ ጫማውን በባዶ እግሩ አጥልቆ ከብት ያወጣል። እሱ ካልሲ አጥቶ ነው። አንተ ምን ሆነህ ነው? ሻንጣህ ውስጥ ሦስት ጥንድ አለ እኮ!

ይቅርታ፣ ወደ ምክራችን።

ቁርጭምጭሚትህ መጀመሪያ እንደ መርፌ ይጠቀጥቅሃል፤ ችላ በለው። ቀጥሎ ሲደነዝዝ «ተሻለኝ» በል። ቆዳው አመድማ ሆኖ እንደ ሰም ሲያብረቀርቅ፣ ስትነካውም ቀዝቅዞ ጠንከር ሲልብህ፣ ቅባት አንሶት ነው። መቅላቱን ጠብቅ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት እንደልብ ስለማይታይ ብዙ ትጠብቃለህ።

ወደ ሕክምናው ስንገባ ምድጃው አለልህ። እግርህን ፍሙ አፍ ላይ ዘርጋው፤ ስለደነዘዘ ቢቃጠልም አይሰማህም። አጎትህ አረቄ ይቀዳልሃል፤ ጠጣ። የቆዳህን የደም ሥር ከፍቶ የቀረህን ሙቀት ሲያስወጣብህ እንደ ሞቀህ ይሰማሃል፤ አጎትህም «አላልኩህም?» ይላል። ከዚያ ያው አጎትህ ቁርጭምጭሚትህን ይዞ ማሸት ይጀምራል። ጎረቤቱም ተሰብስቦ «እሸው! እሸው!» ይላል።

ኧረ አትሸው! የበረደ ሥጋ ሲታሽ ይጎዳል፤ ስንት ጊዜ ይነገር? እርጥቡን አውልቁለት፣ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ንከሩለት። ውሃውንም የሚሞክረው ያልበረደው ሰው በክርኑ እንጂ ባለቤቱ በደነዘዘ እግሩ አይደለም። ስሜቱ ሲመለስ ያቃጥለዋል፣ ይጮኻል፤ ይጩህ! ከዚያ አድርቃችሁ ላላ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑለት። አረቄውንም አንሱ!

እሺ። ሰው ሁሉ እንዲህ አዋቂ ከሆነብህ ማምለጫው ቀላል ነው፤ እግርህ እንደሞቀ ወዲያው መልሰህ ውርጩ ላይ ውጣ። ሁለተኛው ብርድ ከመጀመሪያው የባሰ ይጎዳል። በማግስቱ ውሃ ከቋጠረ በመርፌ አፈንዳው። ደም ከቋጠረ ወይም ደንዝዞ ከቀረ ደግሞ እስከ ጥምቀት ታገሥ፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ «ካልሲ ሳላደርግ» ብለህ ለነርስ ከምታስረዳ «ወለምታ ነው» ብለህ ወጌሻ ቤት ግባ። ቅቤ ቀብቶ ደህና አድርጎ ያሽልሃል።