ላንድ ክሩዘሯ ከፍ አለች

ጋይንት ከፍታ ቸግሮት አያውቅም። ባንድ ወገን ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ተጎልቶ ብርዱን ይልካል፤ በሌላው ወገን ጨጨሆ ገደሉን ከፍቶ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው «አሁንስ ከፍ ማለት አለብኝ» ብሎ ገንዘብ ሲያወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያክስቴ ልጅ አወጣ። ከፍ ያደረገው ላንድ ክሩዘሩን እንጂ ራሱን አልነበረም፤ አካሄዱን ያየ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ምክንያት አላጣም። ወደ አርብ ገበያ ወይም ወደ ወገዳ የሚያወርደውን ኮረኮንች የቀመሰ ሰው አይፈርድበትም። ድንጋዩ የዲፈረንሻሉን ሆድ ይፍቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ የጭነት መኪና ጎማ የቦረቦረው መንገድ መሀሉ ላይ ጉብታ ይተውና ሻሲውን አንጠልጥሎ ያስቀራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ገባ፤ ከፊት ረዘም ያለ ሞላ አስገጠመ፣ ከኋላ ባሌስትራ አስደረበ፣ ጎማውን በትልቅ ቀየረና 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተመለሰ።

ሰፈሩ ወጥቶ አየ። አክስቴ ዙሪያዋን ዞረቻትና «እንግዲህ እኔን በምን ልታወጣኝ ነው?» አለች። በርጩማ ተፈለገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረዳቱ ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር አንዲት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዞ ይጓዛል፤ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ቀድማ የምትወርደው በርጩማዋ ናት። አክስቴ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ፣ አንድ እጇን ረዳቱ አናት ላይ ጭና፣ «በስመ አብ» ብላ ስትወጣ ገበያው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ልጇ ከመሪው ላይ ሆኖ «እማዬ፣ ከላይ ሲያዩት አገሩ ያምራል» ይላታል። ከታችም ያምራል።

ኮረኮንቹ ላይ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር፣ መኪናዋ እንከን አልነበራትም። አስፋልት ስትነካ ነው ጸባይዋ የተለወጠው። ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው የቻይና መንገድ 60 ስትገባ ቀኝም ያምራታል፣ ግራም ያምራታል። ኩርባ ካለፈች በኋላ መሪው ለቀቅ ሲደረግ ራሱ ወደ መሀል መመለስ ሲገባው እዚያው ተጠምዞ ይቀራል። መሪው ቀጥ ብሎ ሲያዝ መኪናዋ ወደ ጎን ትሄዳለች፤ መኪናዋ ቀጥ ስትል መሪው ተጣሞ ይታያል። ጉድጓድ ስትመታማ ሌላ ጉድ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ መራገብ ይጀምሩና፣ መሪው የሾፌሩን እጅ እያንገላታ፣ ዳሽቦርዱ እየተንገጫገጨ፣ ጥግ ይዞ እስኪቆም አይለቁትም።

ሐኪም በጠፋበት አገር እንኳ ለመኪና መድኃኒት የሚያዝ አይጠፋም። አንዱ «ቴስቲናው ነው» አለ፤ ተቀየረ። ሌላው «ጎማው ባላንስ የለውም» አለ፤ ተሠራ። ሦስተኛው የመሪውን ሾክ አብዞርበር ጎተት ገፋ አድርጎ «ሞቷል» አለ፤ እሱም ተቀበረና በአዲስ ተተካ። መንቀጥቀጡ ለጥቂት ጊዜ ሐዘን ተቀመጠና ተመልሶ መጣ።

ነገሩን የፈታው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። ከሥር ገብቶ ረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ እንቅልፍ የወሰደው መስሎን ነበር። ሲወጣ ዘይት በነካው ጣቱ አቧራ የለበሰው በር ላይ መስመር እየጫረ ያስረዳን ጀመር። የፊት አክስሉን ከሻሲው ጋር የሚያይዙት ሁለት ክንዶች አሉ። አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ክንድ አንዱ ጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲልበት ወደ 6 ዲግሪ ይዞራል፤ አክስሉም ከክንዱ ጋር የታሰረ ነውና አብሮ ይዞራል። ፋብሪካው ደግሞ ጎማው የሚታጠፍበትን ምሰሶ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ወደ ኋላ ጋደል አድርጎ ነው የሠራው፤ የብስክሌት የፊት ሹካ ጋደል እንደሚለው። ጎማው ታጥፎ ሲለቀቅ ወደ ቀጥታው የሚመልሰው ይኸው መጋደል ነው። ከጥቂቱ ላይ ስድስቱን ሲቀንሱት ምን ተረፈ? «ሹካው ወደ ፊት ተደፍቷል» አለ ሽማግሌው፣ «መሪህ ወደ መሀል ለምን ብሎ ይመለስ?»

ሁለተኛ መስመር ጫረ። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሻሲው ጋር የሚያይዘው ዘንግ አለ፤ ሻሲው ከፍ ሲል ዘንጉ ይበልጥ ይዘቀዝቅና አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ከመሪው ሳጥን ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግም ከዚህኛው ጋር ትይዩ ሆኖ እንዲወጣና እንዲወርድ ነው የተሠራው። ትይዩነታቸው ከፈረሰ ጎማው ወጣ ወረድ ባለ ቁጥር ዘንጉ መሪውን ይጎትተዋል። በአጭሩ ጉድጓዱ ራሱ ሾፌር ይሆናል።

እኔን ያሳቀኝ ግን የፍሬኑ ነገር ነው። ከኋላ አክስሉ አጠገብ ጭነት የሚገምት ቫልቭ አለ። መኪናዋ ተጭና ወገቧ ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች ፍሬኑን ይለግሳል፤ ከፍ ስትል ይሰስታል። የሚያውቀው ቁመት ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ላንድ ክሩዘር ሦስት ኩንታል ጤፍ፣ ሁለት በግና አክስቴን ጭና ቁልቁለቱን ስትወርድ ቫልቩ «ባዶ ናት» ብሎ ያምናል። ይህ ሲነገራት አክስቴ ተቆጣች። «እኔ ተቀምጬ ባዶ?»

አብረውን የቆሙ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ በዚሁ መኪና ወደ ቤተ ልሔም የሚሄዱ። የድጓ ተማሪ ካለበት ተነሥቶ የሚመሰክርባት ቤተ ልሔም ማለቴ ነው፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል እንግሊዛዊ በበቅሎ ደርሶ፣ ክቡ ሣር ክዳን ውስጥ ጥንታዊው ባለ አራት ማዕዘን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አይቶ የተደነቀባት። (በቅሎዋን ከፍ ያደረጋት የለም፤ ደርሳለች።) መሪጌታ በሩ ላይ የተጫረውን ሥዕል ሲመለከቱ ቆይተው ያክስቴን ልጅ «ልጄ፣ እኛ ዘንድ አንዱን ፊደል ከፍ አድርጎ የቀረውን እንደነበረ የሚተው ተማሪ ምስክር አያገኝም» አሉት። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ ያክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣ።

ለነገሩ በዚህ አገር መንገድ የተፈተነው ላንድ ክሩዘሩ ብቻ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት አድርጎ፣ በጨጨሆ በኩል አልፎ መቅደላ እስኪደርስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ። መሪ የለው፣ ባሌስትራ የለው፤ የሚጎትተው ሰው ነበር። ንጉሡ ታዲያ መድፉን ከፍ አላስደረጉትም፤ እጃቸውን አስገብተው ድንጋዩን እየፈነቀሉ መንገዱን አስተካከሉለት። ይህንን ላክስቴ ልጅ ስነግረው «እሳቸው እኮ የሚያስቸኩላቸው ቀጠሮ አልነበረባቸውም» አለኝ። ነበረባቸው እንጂ፤ እንግሊዝ በባሕር መጥቶ ወደ እሳቸው እየገሰገሰ ነበር።

መንገዱን የሚያስተካክል ንጉሥ ስላልተገኘ መኪናዋን ማስተካከል ግድ ሆነ። 10 ሴንቲ ሜትሩ ወደ 5 ወረደ። ክንዶቹ ላይ ቀዳዳው ከመሀል ፈንጠር ያለ ጎሚኒ ገብቶ አክስሉ ወደ ቦታው ዞረ፤ የጎኑ ዘንግ ርዝመቱ በሚስተካከል ተቀየረ፤ የተወጠረው የፍሬን ቱቦ በረጅም ተተካ፤ የቫልቩም ዘንግ አክስቴን እንዲያውቃት ሆኖ ታሰረ። ለዚህ የወጣው ብር መጀመሪያ ከፍ ለማለት ከወጣው ቢበልጥም እሱ ደረሰኞቹን ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ደምሮት አያውቅም። አሁን ኩርባ ላይ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው ሳይለመን ይመለሳል።

ባለፈው ሰሞን ቡና ላይ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ሞተሩ ውሃ ውስጥ እንዳይታፈን በጣሪያው በኩል አየር የሚስብ ቱቦ ሊያስገጥም ነው።

«የትኛው ውሃ ውስጥ?» አለች አክስቴ።

«በሽሎ ቢሞላስ?»

«በሽሎ ሲሞላማ እኔ ቤቴ ነኝ። አንተም እዚሁ ና፣ ቡና አፈላልሃለሁ።»

ቱቦው ግን ታዟል።