ማረፍ ካልቻልክ እረፍ!

«የጠፈር ጌም ላይ ሩጫ አዘጋጀን ትላላችሁ። ቁጭ ብሎ ቁልፍ መጫን ደግሞ ሩጫ ሆነ?» አለ። ማን? ምንይረባል ነዋ! አታውቁትም? በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሰው ሲማር «ምን ይረባል?»፣ ሰው ሲያገባ «ምን ይረባል?»፣ ሰው ሲጫወት «ምን ይረባል?»። ዳር የቆማችሁ ጠጋ በሉ። የሚረባውን ዛሬ አንድ በአንድ እንቁጠርለት።

«ቁጭ ብሎ» አልክ? አዎ፣ ቁጭ ብለን ነው የምንነዳው። አንተ የተሳፈርክበት አውሮፕላን አብራሪው ቆሞ ነበር እንዴ? መቀመጥማ አንተን የሚያህል የለም። በአንዲት ማኪያቶ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠህ የሁለት ክለብ አሠልጣኝ ታባርራለህ። እኛ በዚያው ሰዓት ስንትና ስንት ኮከብ ዞረን እንመለሳለን።

እስቲ የምታወራበትን ነገር ላስተዋውቅህ። ጌሙ ኤሊት ዴንጀረስ ይባላል። ካምብሪጅ ያለው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 አወጣው። ይህንን የምንኖርበትን ሚልኪ ዌይ ጋላክሲ በእውነተኛ ልኩ ይዞታል፤ 400 ቢሊዮን ገደማ ሥርዓተ ኮከብ አለው። ያ ሁሉ ተጫዋች ዓመታት ሙሉ ሲያስስ ከርሞ ከመቶ አንድ እጁን እንኳ አላየውም። አንተ ግን ሰፈርህን አስሰህ ጨርሰሃል። የማን ወጥ እንዳረረ ሳይቀር ታውቃለህ።

«የልጅ ነገር ነው» ትላለህ ደግሞ። የልጅ? አባትየው ኤሊት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱ 256 ፕላኔት፣ በድምሩ 2,048 ዓለም፣ 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ባላት ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡ። አንተ በየጠዋቱ ለቤተሰብ ግሩፕ የምትልከው ባለ ጽጌረዳው «መልካም ቀን» ፎቶ እዚያች ኮምፒውተር ውስጥ አይገባም። እነሱ በትንሽ ቦታ ዓለም አጨቁ፤ አንተ በትልቅ ስልክ ጽጌረዳ ታመላልሳለህ።

«እሺ፣ ግን ምኑ ነው ሩጫው? ቁልፉን ትጫናለህ፣ ትደርሳለህ» አልክ። ትደርሳለህ? ና እስቲ ድረስ! ከጣቢያ ትነሣለህ። ከኮከብ ወደ ኮከብ ትዘላለህ። ነዳጅህ ሲጎድል ከኮከቡ ጥግ ትቀዳለህ። ብትርቅ አይቀዳልህም። አብዝተህ ብትጠጋ መርከብህ ይግላል። ሁሉም ኮከብ ደግሞ አያስቀዳም፤ ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ እና ኤም የተባሉትን ለይተህ ማወቅ አለብህ። ተወዳዳሪ ከኮከብ እሳት ይቀዳል። አንተ ከሰው አፍ ትቀዳለህ። እሱም አንተ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነው።

ቀጥሎ ወደ ጣቢያው መቅረብ አለ። ፍጥነትህን ቀደም ብለህ ከቀነስክ ሰዓትህ ይበላል። ዘግይተህ ከቀነስክ ጣቢያውን አልፈህ ትሄድና ዞረህ ትመለሳለህ። ተጫዋቾች ይህንን «የኀፍረት ዙር» ይሉታል። ለዚህ ነው ጀማሪ «7 ሰከንድ ሲቀርህ ያዝ አድርግ» ተብሎ የሚመከረው። ጎበዝ ተወዳዳሪ ግን 7 ሰከንዷን ይንቃታል። ወደ ፕላኔት ተጠግቶ ያልፍና በፕላኔቷ ስበት ፍጥነቱን ይሰብራል። የኀፍረት ዙር ግማሹ አንተም ጋ አለ፤ ዙሩ። ኀፍረቱን ነው ያጣነው።

ደረስክ እንበል። ጣቢያው ይሽከረከራል። መግቢያው ጠባብ ነው፤ ተጫዋቾች «የፖስታ ቀዳዳ» ይሉታል። 7.5 ኪሎ ሜትር ሲቀርህ ፈቃድ ትጠይቃለህ። የፍጥነት ወሰኑ በሰከንድ 100 ሜትር ነው። ተወዳዳሪው ወሰኑን ረስቶ እየከነፈ በቀዳዳዋ ይሾልካል፣ የተሰጠውን የማረፊያ ቁጥር በዓይኑ ይለቅማል፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ይላል። ሲከንፍ ከሌላ መርከብ ጋር ቢላተም ቅጣቱን ይከፍላል። መግቢያው ላይ ተገትሮ መንገድ የዘጋማ በጣቢያው መድፍ ይጠረጋል። ኧረ ምንይረባል! በር ላይ መገተር በመድፍ የሚያስቀጣ ከሆነ አንተ በሰው በር ላይ እስከ ዛሬ እንዴት ተረፍክ? ማረፍ ችሎታ ነው። ማረፍ ካልቻልክ እረፍ!

አላረፈም። «ይሄማ የሀብታም ሩጫ ነው። ውድ መርከብ ያለው ይወስደዋል» አለ። ጨላ ብቻ ነው የሚታይህ አይደል? አናኮንዳ የምትባለዋን መርከብ ተመልከታት። ትልቅ ናት፣ ውድ ናት፣ ለመዞር ግን ቀጠሮ ትይዛለች። አዘጋጆች ደግሞ ምድብ ይከፍላሉ። ያሻህን መርከብ የምታመጣበት ምድብ አለ። መርከቡና ዕቃው ተወስኖ ሁሉም እኩል የሚቆምበት ምድብም አለ። ሳይድዊንደር የተባለችዋን ትንሿን መርከብ ደግሞ ጌሙ ለጀማሪ ሁሉ ይሰጣል፤ ብትከስርም ይመልስልሃል። የነቃ ተወዳዳሪ ክብደት ለመቀነስ ጋሻውን ሳይቀር አውልቆ ነው የሚገባው። በእኛ ሩጫ የቀለለ ይቀድማል። አንተ ግን ይህን ያህል ቀለህም ከኋላ ነህ።

«ታዲያ ምን አደጋ አለው? ብትሞት ትነሣለህ» አለ። ከየት እንደምትነሣ ታውቃለህ? መጨረሻ ካረፍክበት ጣቢያ! በዚሁ ጌም የሚሮጡት የባኪቦል ሬሲንግ ክለብ ተወዳዳሪዎች ከፈተኗቸው መንገዶች አንዱ ወደ ጋላክሲው እምብርት፣ ሳጂታሪየስ ኤ ኮከብ ወደተባለው ጥቁር ጉድጓድ የሚወስደው ነው። ከእኛዋ ፀሐይ 26,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ዓመት ሲባል ሰምተህ እንዳታዛጋ፣ ርቀት ነው። በአንድ ዝላይ 30 የብርሃን ዓመት የምትሄድ መርከብ ከ860 ጊዜ በላይ መዝለል አለባት። ስለዚህ ጎበዙ ወደ ኒውትሮን ኮከብ ይሄዳል። ከኮከቡ ዋልታ የሚተፋው ጨረር ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሲሞላ ቀጣዩ ዝላይ 4 እጥፍ ይረዝማል። በሞላ ቁጥርም ሞተሩ ይጎዳል። ጨረሩ ውስጥ አጉል ከገባህ መርከብህን እንደ እንዝርት ያሾራታል። 20,000 የብርሃን ዓመት ሄደህ ብትፈነዳ መንገዱ እንደገና «ሀ» ይላል። ለመርከቧም ካሣ ትከፍላለህ። አንተ ተሳስተህ ከ«ሀ» ጀምረህ ታውቃለህ? አንተ ስትሳሳት ድምፅህን ነው የምትጨምረው።

«ዳኛ የለም፤ ሁሉም ይሸውዳል» አለ። ሰማችሁት? ሌባ የሌላውን ኪስ ሲጠረጥር! ተወዳዳሪው መነሻው ላይ ስክሪን ሾት ያነሣል፣ መድረሻው ላይ ስክሪን ሾት ያነሣል። የጌሙ ሰዓት ለሁሉም አንድ ነው። ሕጉ ከሩጫው በፊት ተጽፎ ይነገራል። አዘጋጁ የእያንዳንዱን ማስረጃ ይመረምራል፣ ሰዓቱን ያሰላል፣ ሰንጠረዡን ያወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው እምነት ነው። ማንም በማያየው ጨለማ ጠፈር ውስጥ ሕግ የሚያከብር ሰው አለ ሲባል አልዋጥ ያለህ ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ባንክ ቤት ወረፋውን ሁሉ አልፈህ «አንድ ነገር ልጠይቅ ብቻ ነው» እያልክ የምትገባው አንተ አይደለህም?

«አንዱ ማክሰኞ ይሮጣል፣ ሌላው እሑድ። አይተያዩም እኮ!» አለ። እሱማ ነው ውበቱ! እንዲህ ያለው ውድድር ብዙ ጊዜ ሳምንት ያህል ክፍት ይሆናል። በተመቸህ ሰዓት ትሮጣለህ። ካልጣመህ ትደግማለህ። ምርጡ ሰዓትህ ይያዝልሃል። እንግሊዝ ያለው ሲተኛ አውስትራሊያ ያለው ይነሣል፤ የሌሊት ተረኛውም፣ ሕፃን አስተኝታ የመጣችውም እኩል ዕድል አላቸው። አንዱ ማክሰኞ ሰዓት ያስመዘግባል፣ ሌላው ረቡዕ ይሰብረዋል፣ የመጀመሪያው ሐሙስ እንቅልፍ አጥቶ ይመለሳል። አንተም 7 ቀን ነበረህ። ሰባቱንም «ነገ» አልካቸው።

«ሽልማቱስ?» አለ። ያው ወደ ኪሱ ተመለሰ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቅ ስንቱ ነው ሊያሸንፍ የሚወጣው? ከፊት ያሉት ጥቂቶች ናቸው። የቀረው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየዘፈነ፣ ውኃ እየተረጨ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ጨርሶ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። እስቲ ጎዳናው መሐል ቆመህ «ምን ይረባል?» በላቸው! ጥያቄህን ሳትጨርስ ጃንሜዳ ያደርሱሃል።

ነፃ ነገር ለሚወድ ሰው ደግሞ ጠፈር ጥሩ አይደለም። አልፋ ሴንታውሪ ላይ ሃተን ኦርቢታል የሚባል ጣቢያ አለ። ከመግቢያው ኮከብ 0.22 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ ቀጥ ብለህ ረጅም ጊዜ ትነዳለህ። የቆዩት ተጫዋቾች አዲሱን «እዚያ አናኮንዳ በነፃ ይሰጣሉ» እያሉ ይሰዱታል። ይነዳል፣ ይነዳል፣ ይደርሳል። አናኮንዳ የለም። የሚሸጥ ኩባያ አለ! የተሸወደው ይስቅና በተራው ሌላውን ይልካል። ከዚያ ሳቅ ሃተን ኦርቢታል ትራከርስ የሚባል ትልቅ ማኅበረሰብ በቅሏል። አንተ «ነፃ» የምትለዋን ብትሰማ ጫማህን ሳታስር ትሄድ ነበር። ኩባያውንም «አስተያየት አድርጉ» ብለህ ትከራከራለህ።

«ብቸኞች ናችሁ፤ ጓደኛ የላችሁም» አለ። ይቺን ባትናገራት ይሻልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 በተጀመረው ዲስታንት ወርልድስ 2 ጉዞ ከ13,000 በላይ ተጫዋቾች ተመዝግበው ነበር። ዕቅዳቸው ከምድር 65,000 የብርሃን ዓመት የሚርቀው ቢግል ፖይንት መድረስ ነበር። አንተ ልደትህን ስታከብር ስንት ሰው መጣ? እሺ፣ ይቅር። ፉዌል ራትስን ተመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በጠፈር መሐል ነዳጅ ላለቀበት ሁሉ የሚደርሱ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከ100,000 በላይ ሰው አድነዋል። ክፍያ የለም፣ ተግሣጽ የለም። ሯጭ ቸኩሎ ነዳጁን ቢጨርስ የማያውቀው ሰው ጋላክሲውን አቋርጦ ይመጣለታል። የጎረቤትህ መኪና ስትቆም ወርደህ ገፍተህለት ታውቃለህ? መስኮት ከፍተህ «ብዬ ነበር!» ነው የምትለው።

«በሉ እንግዲህ፣ ይሄን ማዘጋጀትማ ማንም ያዘጋጀዋል» አለና ሊሄድ ተነሣ። ቁጭ በል! ዋናው አሁን ነው የመጣው። አዘጋጅ መንገድ ይመርጣል። መንገዱ ቀላል ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰዓት ያመጣል፤ ከባድ ከሆነ ጀማሪው ይሸሻል። ትልቅ መርከብ የማያስተናግድ ትንሽ ጣቢያ መሐል ላይ ይሰካል፤ አናኮንዳ ይዞ የመጣው ደጅ ይቀራል። ራቅ ያለ ጣቢያ ይጨምራል፤ መንዳት የማይችለው የኀፍረት ዙሩን ይዞራል። ስበቷ የከበደ ፕላኔት ይጨምራል፤ ሲወርድ ያልተጠነቀቀው አፈር ይልሳል። ከዚያ እሱ ራሱ እየደጋገመ ይነዳዋል፣ አቋራጭ ይፈልጋል፣ ቀዳዳ ይደፍናል። ሆኖም ሩጫው ሲጀመር አንዱ ብልጥ ያልታየ ቀዳዳ ማግኘቱ አይቀርም። ደግ አዘጋጅ ይስቃል፣ ያጨበጭብለታል፣ በሚቀጥለው ውድድር ይደፍነዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄ ይመልሳል፣ ስክሪን ሾት ያያል፣ ሰንጠረዥ ያስተካክላል። መጨረሻ የወጣውንም በስሙ ያመሰግናል። ደመወዙ ዜሮ ነው። በሚቀጥለው ደግሞ ሌላ ሰው ተነሥቶ «የኔ ተራ ነው» ይላል። አንተ በሕይወትህ ያዘጋጀኸው ነገር ምንድን ነው? ሰበብ! እሱንም ከሰው ቀድተህ።

ፍርዱ ይሄ ነው። ሩጫን ሩጫ የሚያደርገው ላብ አይደለም፤ ላብማ ሚኒባስ ውስጥም አለ። ሽልማትም አይደለም። በመነሻና በመድረሻ የተስማሙ፣ ራሳቸው ያወጡትን ሕግ ማንም ሳያያቸው የሚያከብሩ ሰዎች ካሉ ሩጫ አለ። እነዚህ ሰዎች ያንን ሠርተዋል፤ ያውም መንገድ በሌለበት ጠፈር ላይ።

እናንተ ዳር የቆማችሁ፣ ማዳመጡ ይብቃችሁና ግቡበት። ትንሿ ሳይድዊንደር ትበቃለች። ሁለት ጣቢያ ምረጡ። ሕጉን በአምስት መስመር ጻፉ። ሦስት ጓደኛ ጥሩ። ሰዓት ያዙ። ምንይረባልንም አትርሱት፣ ጥሩት። የመጨረሻው ቦታ ክፍት ነው፤ እሱም ሰንጠረዥ ላይ ይጻፋል።