ስለ ‹‹ኖር›› አነሣሥና አቀማመጥ አጭር ጥናት

የዚህ ጥናት ዓላማ ታላቅ ሰው ሲገባ ተቀማጩ ሁሉ ‹‹ኖር!›› እያለ ብድግ የሚልበት ሥርዓት ከየሳሎኑ እንዴት እንደጠፋ መመርመር ነው። ጉዳዩን እስካሁን ይዘውት የቆዩት አክስቶቻችን ሲሆኑ የደረሱበትም ድምዳሜ ‹‹የዛሬ ልጅ ስድ ነው›› የሚል ነው። አጥኚው ይህን መላምት በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ጎን አስቀምጦታል።

ሥርዓቱ በደህናው ዘመን እንዲህ ይፈጸም ነበር። ጋሽ እገሌ ደጃፉ ላይ ብቅ ይላሉ። ቤቱ ‹‹ኖር!›› ብሎ ይነሣል። እሳቸውም ‹‹በእግዜር! ኧረ በማርያም አትነሡ!›› ይላሉ። ልብ ይባል፤ ይህን የሚሉት ሁሉም ከተነሣ በኋላ ነው። ልመናቸውን አምኖ ሳይነሣ የቀረ ካለ ስሙ እስከ ፋሲካ ሲነሣ ይከርማል። ከዚያ የቦታ ክርክሩ ይከተላል። ‹‹ከላይ ይቀመጡ።›› ‹‹የለም፣ እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል።›› ‹‹እኔ ቆሜ እርስዎ በር ላይ? አይደረግም!›› መጨረሻው ከላይ መሆኑን እንግዳውም ባለቤቱም ያውቃሉ፤ ማሳጠር ግን ነውር ነው። በዚህ መሀል ቡናው ይቆላል።

ክብሩ ወደ ታችም ይወርድ ነበር። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዞ ለሚያስታጥብ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ እንግዳ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይልለታል። አሁን ሁሉም ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ለቧንቧ ‹‹ኖር›› ያለ ሰው ግን አልተመዘገበም።

ወደ መንስኤው እንለፍ። መደብና ዱካ ሰውን ለረጅም ጊዜ አያስመቹም፤ ስለዚህ ተቀማጩ መነሻ ሰበብ ሲጠብቅ እንግዳ ይደርስለታል። የስፖንጅ ሶፋ ግን ሰውን እስከ ወገቡ ይውጣል። ከሱ ለመውጣት ሁለት እጅ፣ አንድ ‹‹እፎይ›› እና የሰው እርዳታ ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ ሲሟላ እንግዳው ተቀምጠው ጫማቸውን እያወለቁ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ተጨመረ። በባለ አንድ መኝታ ቤት ሳሎን ስድስት ሰው ባንዴ ከተነሣ የተነሡላቸው ሰው መግቢያ ያጣሉ፤ አክብሮቱ መንገድ ይዘጋል። ስለ ሚኒባስ ታክሲ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እዚያ ‹‹ተቀመጡ›› የሚለው ጣሪያው ነው።

ከሥርዓቱ የተረፈው ‹‹ግማሽ ኖር›› ይባላል። ተቀማጩ ስልኩን ሳይለቅ ከሶፋው አንድ ስንዝር ያህል ይነቃነቃል። ከሩቅ ሲታይ አክብሮት ይመስላል፤ ከቅርብ ሲታይ ቻርጀር ፍለጋ ነው።

ሙሉው ኖር ዛሬም በደህና የሚገኘው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። አክስቶች ምክንያቱ የሐዘኑ ክብደት ነው ይላሉ። አጥኚው ግን የእድሩን አግዳሚ ወንበር ተቀምጦበታል።

ለቅሶን በዙም የሚደርሱት በውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የተለየ ችግር ገጥሟቸዋል። ሽማግሌው ሲገቡ ብድግ ያለ ጨዋ ሰው ራሱ ከስክሪኑ ይወጣና የፒጃማው ገመድ ለጉባኤው ይቀርባል። ስድ የተባሉት ቁጭ ብለው ፊታቸው ይታያል። ሽማግሌውም ‹‹በእግዜር! አትነሡ!›› ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን ስለተዘጋ የሚሰማቸው የለም።