ተራ የሌለበት ጨዋታ፦ ስለ ፈጣን ቼዝ ውድድር አዘጋጃጀት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ እንደሚለው፣ ፈጣን ቼዝ ማለት ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከ10 ደቂቃ የሚበልጥ ከ60 ደቂቃ የሚያንስ ጊዜ የሚሰጥበት ግጥሚያ ነው። በዓለም ሻምፒዮናው የተለመደው 15 ደቂቃ ሲሆን በየእርምጃው 10 ሰከንድ ይመረቃል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ በመሆኑ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ እንዲህ ያለ ውድድር ለማዘጋጀት የሚነሳ ኮሚቴ ሁሉ የጎደለው ሰሌዳ፣ ሰዓትና ዋንጫ ብቻ ይመስለዋል። የዚህ ጥናት አቋም ግን የተለየ ነው። የጎደለው ሕግ ነው። በእጃችን ያለው የፌዴሬሽኑ ሕግ የተጻፈው ተራውን እየጠበቀ ዝም ብሎ መቀመጥ ለሚችል ሕዝብ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ለሚኖረው ሰው የሚስማማው ሕግ ግን ከብዙ ዘመን በፊት አገር ቤት ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ስሙም ሰንጠረዥ ይባላል።

ከፋርስና ከዓረብ የተወረሰው ጥንታዊ ጨዋታ አንድ የታወቀ ሕመም ነበረበት፤ ቀርፋፋ ነበር። ዛሬ ንግሥቲቱ በምትቆምበት ቤት ይቆም የነበረው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊሉ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ ከዚያ አያልፍም። መደቅ የሚባለው እግረኛ የመጀመሪያ እርምጃውም ቢሆን ከአንድ ቤት በላይ አይፈቀድለትም። ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ድረስ ተመልካቹ አንድ እንቅልፍ ወስዶት ይነቃል። ለዚህ ሕመም ዓለም ልዩ ልዩ መድኃኒት ሞክራለች። ዓረቦች አስቀድሞ የተደረደረ አሰላለፍ አዘጋጅተው ጨዋታውን ከመካከል ይጀምሩት ነበር። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንግሥቲቱን ወሰን የሌለው ሥልጣን ሰጧት። እሱም አልበቃ ብሏቸው እ.ኤ.አ. በ1883 በለንደን ውድድር ላይ ጥንድ ሰዓት አመጡ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ቦቢ ፊሸር በየእርምጃው ሰከንድ የሚመርቅ ሰዓት ፈልስፎ የባለቤትነት መብት አወጣበት። ኢትዮጵያውያን ንግሥትም አልሾሙ፣ ሰዓትም አልገዙ፤ ተራውን ሰረዙት። ወረራ በሚባለው የመክፈቻ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች እርስ በርስ ሳይጠባበቁ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ተራ የሚባለው ነገር የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። በወረራ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ሰው ዳኛ አያስፈልገውም፤ እሱ ሲያስብ ተጋጣሚው ስድስት ጊዜ ተንቀሳቅሷል። ዛሬ ፈጣን ቼዝ የምንለው እንግዲህ ይህንኑ ውጤት በባትሪ ለማግኘት የሚደረግ ሙከራ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። 32 ተጫዋች ቢመዘገብና ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ላይ በተጀመረው የስዊስ ሥርዓት ቢካሄድ፣ ማለትም ተሸናፊ ሳይሰናበት ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው እየተፈላለጉ ቢጋጠሙ፣ አምስት ዙር ይበቃል። አንድ ጨዋታ 60 እርምጃ ቢሄድ ለአንዱ ተጫዋች 25 ደቂቃ፣ ለሁለቱ 50 ደቂቃ ይሆናል፤ አምስቱ ዙር ተደምሮ 250 ደቂቃ፣ አራት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማለት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ውድድር ከቀኑ 7 ሰዓት ከ10 ላይ አሸናፊውን ያሳውቃል። ስሌቱ እንከን የለውም። ችግሩ ግን በጥሪ ወረቀቱ ላይ 3 ሰዓት ተብሎ የሚጻፈው የክብር እንግዳው ከቤታቸው እንዲነሱ እንጂ አዳራሹ እንዲደርሱ አለመሆኑ ነው። እሳቸው እስኪደርሱ ባነሩ ይሰቀላል፤ ቀኑ ተሳስቶ ስለተጻፈ ይወርዳል። ምዝገባው ትናንት ቢዘጋም ከሽንዲ ድረስ የመጣ ልጅ ተመልሶ ይሂድ የሚል አንጀት አይገኝም። ከቡሬ በአንድ መኪና የመጡት «እርስ በርሳችን ምን ብላችሁ ታጋጥሙናላችሁ?» ይላሉ፤ ድልድሉ ይቀደዳል። አዲሱ ድልድል ሲጻፍ ከወዲያ ድምፅ ማጉያ ይሞከራል፣ ከወዲህ ውሃ ይታደላል፣ ከበሩ ላይ ዳኛው የት እንደሄደ ይጠየቃል።

የውጭ አገር ዳኛ ይህን ቢያይ ትርምስ ይለዋል። ሰንጠረዥን የሚያውቅ ሰው ግን ወዲያው ይለየዋል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፣ ማንም ተራ አይጠብቅም፣ የሌላውን አይቶ የራሱን እርምጃ መመለስ አያስነውርም። ይህ በመጽሐፍ እንደተገለጸው ያለ ወረራ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ማብቂያው ላይ ይታያል። በዓለም ዙሪያ እንደተለመደው የክብር እንግዳው ንግግራቸውን ሲጨርሱ ወደ አንደኛው ሰሌዳ ቀርበው አንድ ነጭ ወታደር ሁለት ቤት ገፋ ያደርጉና ፎቶ ይነሳሉ፤ ውድድሩም በይፋ ተከፈተ ይባላል። በአገሩ ሕግ ግን ወረራ በመግፋት አያበቃም፤ በመብላት ነው የሚያበቃው። ስለዚህ ኮሚቴው ለእንግዳው የሚበላ ወታደር አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። እንግዳው አንድ ነገር ሳይበሉ ሥራ ተጀመረ ማለት የቆየውን ሥርዓት መጣስ ስለሚሆን፣ በዚህ ነጥብ ላይ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ተቃውሞ ይመጣል ተብሎ አይጠበቅም።

ተቃውሞ የሚጠበቀው ከዳኞች ነው። የፌዴሬሽኑ ሕግ ተመልካች በጨዋታው ውስጥ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ ስሕተት ያየ ሰው ለዳኛው ብቻ እንዲጠቁም፣ እንቢ ካለም ከአዳራሽ እንዲወጣ ያዛል። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት ሰዎች ከዛፍ ጥላ ሥር በቆርኪ የሚካሄድ ዳማ አይተው አያውቁም። እዚያ ሁለቱ ሰዎች ከፊት የተቀመጡት እጃቸው ለሰሌዳው ስለሚቀርብ ብቻ ነው፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው። ነገሩም የሥራ ፈት ወግ አይደለም። በቀድሞው የተጠየቅ ሙግት መንገደኛ ሳይቀር ቁም ተብሎ ለዳኝነት ይቀመጥ ነበር፤ በላ ልበልሃ ሲባባሉ ዙሪያውን የቆመው ሰው የክርክሩ አካል እንጂ ታዛቢ አልነበረም። ጎጃም ደግሞ ከዚህ ሁሉ በላይ የቅኔ ቤቶቹ የእነ ዋሸራና የእነ ጎንጅ አገር ነው። ቅኔ ሲዘረፍ ያማረውን ሲሰማ «ይበል!» ሳይል፣ ቤት ያልመታውን ሲሰማ ሳያርም ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሊቅ፣ አክባሪ አይባልም፤ ምናልባት አልገባውም ይባላል። እንዲህ ባለ አገር ፈረሱ ሊበላ መሆኑን እያየ ዝም ያለ ተመልካች ጨዋነት ሳይሆን ክፋት ነው የሚመዘገብበት። ምክር ፍትሕን ያዛባል ለሚሉ መልሱ ቀላል ነው፤ የተመልካች ምክር ለሁለቱም ወገን እኩል ይሰጣል፣ እኩልም የተሳሳተ ነው። የስልክ ክልከላው ግን ባለበት ይጽና። ዛሬ በኪስ ስልክ ውስጥ ያለ ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል፤ ከመናኸሪያ አቋርጦ የገባ መካሪ ግን እስካሁን በዚህ ተጠርጥሮ አያውቅም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የታሪክ ነው። ሰንጠረዥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። አፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያየው በትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ ከፋሺስት ጣልያን ወረራ በኋላ እንደጠፋ አመልክተዋል። ታዲያ የጃቢ ጠህናን በቆሎ አምራች ወይም የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ያልተጫወተውን ጨዋታ ሕግ እንዴት ይወርሳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰሌዳውን አልወረሰም። ሕጉ ግን ሰሌዳ አይፈልግም። በ1933 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ በቡሬ ምሽግ የነበረውን የጣልያን ጦር እናስብ። ከፊቱ የቆመው፣ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ኃይል በቁጥር ከእሱ በብዙ ያነሰ ነበር። ይሁንና ይህ ትንሽ ኃይል ከአርበኞች ጋር ሆኖ ዛሬ ከዚህ ምሽግ፣ ነገ ከዚያኛው እየተነሳ፣ በሌሊት እየተኮሰ፣ በድምፅ ማጉያ እየሰበከ፣ ተጋጣሚው አንድ ጊዜ እስኪያስብ ብዙ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። የምሽጉ አዛዥ የገጠመው ትልቅ ሠራዊት መስሎት ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ዊንጌት ሰንጠረዥ ተምሮ ነበር አይባልም። የተማረው ቦታውን ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዚያ ወዲህ ሌላ ማስረጃ ማቅረብ ትርፍ ይሆናል።

ስለ እርምጃ ስሕተት ብዙ ማለት አያስፈልግም። የፌዴሬሽኑ ሕግ የነካኸውን አንቀሳቅስ ይላል፤ ጠጠር ለማስተካከል የፈለገ ሰውም አስቀድሞ እንዲናገር ያዛል። በፈጣን ቼዝ ሕገወጥ እርምጃ የሄደ ሰው ለተጋጣሚው ሁለት ደቂቃ ያስጨምራል፤ ሁለተኛ ከደገመ ይሸነፋል። ከዚህ ውስጥ ደቂቃውን መቀበል ይቻላል። ሽንፈቱ ግን ሽማግሌ ሳይሰማው መወሰን የለበትም፤ ሁለት ጊዜ በመሳሳቱ የተቀጣ ሰው ማታ በሠርግ ቤት ከዳኛው ጋር ከአንድ መሶብ መቁረሱ አይቀርም። ሕጉም ቢሆን ዳኛ ለመጥራት ሰዓት ማቆምን ይፈቅዳል፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ድረስ ይቁም አይልም እንጂ እስከ መቼ እንደሚቆም በደቂቃ ቆርጦ አልተናገረም።

የቀረው የነጥብ እኩልነት ነው። በስዊስ ሥርዓት እኩል የወጡትን ለመለየት ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ቡክሆልዝ ይባላል፤ የአንድ ሰው ደረጃ የሚታወቀው የተጋጠማቸው ሰዎች ያገኙት ነጥብ ተደምሮ ነው። ሰውን ከማን ጋር እንደዋለ አይቶ መመዘን ለአካባቢው አዲስ ስላልሆነ ያለ ማሻሻያ ይጽደቅ። ነገር ግን ሰንጠረዥ ከዚህ የረቀቀ ሚዛን አለው፤ ያሸነፈ ሁሉ እኩል አላሸነፈም ይላል። በደር፣ ማለትም በዛሬው ሩክ፣ ወይም በፈረስ ማት ማድረግ ለዛ እንደሌለው ይታይ ነበር፤ በመደቅ ማት ያደረገ ይመሰገናል። ጦሩ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ ደግሞ ማት አይደረግም ነበር፤ ጨዋታው እኩል ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ከፈጣን ቼዝ ጋር በቀጥታ ይጋጫል፤ ዛሬ ባዶ ንጉሥ የሚያሳድዱ ወጣቶች ማት የማድረጉ ነገር ሳያሳስባቸው የሚጠብቁት የተጋጣሚያቸው ሰዓት እስኪያልቅ ነው። ስለዚህ ይህ ጥናት የሚያቀርበው ረቂቅ ሕግ በወታደር ማት ያደረገን ያስቀድማል፤ በንግሥት ያሸነፈ ይከተላል፤ በሰዓት ብቻ ያሸነፈ ግን ነጥቡን ይወስዳል እንጂ በሽልማቱ ጊዜ ስሙ በድምፅ ማጉያ አይጠራም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ተጫዋቾች በዚህም ሁሉ እኩል ከሆኑ፣ ዋንጫው እስከሚቀጥለው ዓመት በሁለቱ መካከል በምትገኘው በማንኩሳ ይቀመጣል። ለዚህም ሲባል ማንኩሳ በውድድሩ ላይ ተጫዋች እንድታቀርብ አትገደድም።