መብቱ ለእኔ፣ ሕጉ ለጎረቤቴ

«በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ሲባል ሰምተን አድገናል። ድሮ ነገሩ ከአባባልም ያለፈ ነበር። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተጣልተው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ካለ፣ ሌላው የሰነዘረውን ዱላ መልሶ ይቆማል። ከዚያ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍና ጫፍ ቋጥረው፣ ጠባቂ ሳያሻቸው ዳኛ ፍለጋ አብረው ይሄዳሉ። ዳኛ ከራቀም አንድ ጨዋ መንገደኛ ዛፍ ጥላ ሥር ያስቀምጡና ይሟገታሉ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ «በሕግ አምላክ» ድሮም ዘንድሮም የሚባለው ለሌላው ሰው ነው። ራሱን «በሕግ አምላክ» ብሎ ያስቆመ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ለዚህ ምስክር የሚፈልግ ካለ አንድ እሑድ ጠዋት የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ይገኝ። የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ አዋጅ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው እንዲተዳደሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ በየብሎኩ ትንሽ ፓርላማ አለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያንቀላፋ የለም።

ሦስት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ተኩል ይጀመራል። መጀመሪያ የሚነሡት አንድ ጡረተኛ ጋሼ ናቸው። «ሕግ ይከበር!» ብለው ይጀምሩና ስለ ሕግ የበላይነት ሃያ ደቂቃ ያስረዳሉ። ሁሉም ያጨበጭባል። የደረጃውን ሥር በቆርቆሮ ከልለው፣ ቁልፍ አበጅተውለት፣ የድሮ ሶፋቸውን የከተቱበት እሳቸው መሆናቸውን የሚያነሣ የለም፤ ቢያነሣም መልሱ ዝግጁ ነው፤ «እሱማ ጊዜያዊ ነው።» ሶፋው እዚያ ከገባ በኋላ ሁለት ኮሚቴ ተመርጦ ወርዷል።

ቀጥሎ ዋናው አጀንዳ ይመጣል፤ ድምፅ። እትዬ ከሁለተኛ ፎቅ ይነሡና ከላያቸው ያለው ወጣት ሌሊቱን በሙዚቃ ሊያሳብዳቸው እንደሆነ ያመለክታሉ። ወጣቱም፣ «እትዬ፣ እርስዎስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ መዝሙር ይከፍቱ የለም እንዴ?» ይላቸዋል። እትዬ ይቆጣሉ፤ «መዝሙርና ዘፈን አንድ ነው እንዴ?» ጥግ የተቀመጠው ጎረቤታቸው ማክሰኞ ማክሰኞ እቤቱ የሚደረገው የጸሎት ፕሮግራም ድምፅ አይባልም ሲል፣ ሌላው ደግሞ ከስልኩ ድምፅ ማጉያ የሚለቀው የቁርኣን ቂርኣት ለሰፈሩ በረከት እንጂ ረብሻ እንዳልሆነ ያስረዳል። እንግዲህ አራቱም አንድ እምነት አላቸው፤ የራስ ድምፅ ጸሎት ወይም መዝናኛ ነው፣ የሌላው ድምፅ ጩኸት ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ ቃለ ጉባኤው ይጻፋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ድምፅ ማሰማት ፈጽሞ ክልክል ሆኗል። ሆኖም ክልከላው ሠርግን፣ ክርስትናን፣ ልደትን፣ ምርቃትን፣ ሰደቃን፣ የጸሎት ፕሮግራምንና የአርሰናልና የማንቼን ጨዋታ አይመለከትም። ይህ ሁሉ ተቀንሶ ክልክል ሆኖ የቀረው የሕፃን ልቅሶ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቤቱ በሙሉ ድምፅ ያጸድቀዋል።

በእንዲህ ያለው ስብሰባ ሕገ መንግሥት መጠቀሱ አይቀርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነት እንዳለን ይናገራል። ይህንን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ፣ በንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ ሃይማኖትን የመግለጽ መብት የሕዝብን ሰላምና ጤና፣ የሌሎችንም ሰዎች መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይደነግጋል። እዚያ ድረስ ያነበበ ሰው ግን በብሎካችን አልተገኘም። ጥቅሳችን ሁሉ «መብት አለው» ሲል ይጀምርና «ነገር ግን» ጋ ሲደርስ ያልቃል።

ከዚህም በፊት በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ፣ ባለ ንብረት ከመልካም ጉርብትና ልክ በሚያልፍ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ የእኛን ኮንዶሚኒየም አላዩም፤ ዝርዝሩን ሲያነቡት ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ከርመው የጻፉት ይመስላል። የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛውም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ብሎ ልክ አስቀምጧል። ሕግ አልጎደለብንም። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» የሚለውን ከንጉሡ ዘመን የወረስነውን አባባልም አልረሳነውም፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ድምፅ ማጉያው የግል፣ ጆሮው የጋራ ሆነ።

ሕጉ የሚጠብቀው እኛኑ ሲሆንም ያው ነን። ሚኒባስ ውስጥ ከልክ በላይ ታጭቀን ስንሄድ ረዳቱ በድንገት፣ «ዝቅ በሉ! ትራፊክ!» ይላል። ይኼኔ ከረባት ያሰረው ባለ ቢሮ፣ ነጠላ ያጣፉት እናት፣ ፈተና የረፈደባት ተማሪ አንገታቸውን ቀብረው ቁጭ ይላሉ። ትርፍ መጫናችንን፣ ክልከላው የወጣው ለነፍሳችን ተብሎ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቢሆንም ከሕጉ ጋር ሳይሆን ከረዳቱ ጋር እናብራለን። ፖሊሱን ካለፍን በኋላ ቀና ብለን የምንጀምረው ወሬ ደግሞ ይታወቃል፤ «እዚህ አገር እኮ ሕግ የለም!»

እስካሁን ያልኩት ቢያስቅም የማያስቀው ይከተላል። ሕግ ሲያጥረን ወይም ሲረዝምብን «ባህላችን»፣ «እሴታችን» የሚባል ጓዳ አለን። ያው የ1952 ሕግ በቁጥር 3347 ላይ፣ ሕጉ ራሱ ካልፈቀደላቸው በቀር በሕጉ የተሸፈኑ ልማዳዊ ደንቦችን ሁሉ ሽሯል። ልማዱ ግን መሻሩ እስካሁን የደረሰው አይመስልም። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን በፈቃዷ ካገባት ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። ይህ የተወገደው ከግንቦት 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕጉም በ1992 የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርጓል። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ ዛሬም አንዲት ልጅ የደፈረን ሰው ጉዳይ «ከፖሊስ እጅ አውጥተን በሽምግልና እንጨርሰው» የሚሉ ሽማግሌዎች አይጠፉም። ሽምግልና ስንቱን ደም ያደረቀ ትልቅ ሀብታችን ነው። እንዲህ ያለው ሽምግልና ላይ ግን አባት አለ፣ አጎት አለ፣ የነፍስ አባት አለ፣ ቡና አለ፤ ልጅቷ ብቻ የለችም። እሴቱ የሁላችን፣ ዋጋው የእሷ። የኮንዶሚኒየሙም ስብሰባ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፤ የሚወሰንበት ሰው ሁልጊዜ የሌለው ነው።

ተቃራኒውን ያየንበት ጊዜ መኖሩን ባልናገር ግፍ ይሆንብኛል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ይከበር፣ በዓሎቻችንም ይታወቁ ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ፣ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጥተዋል። እነዚያ ክርስቲያኖች ለራሳቸው የሚያገኙት በዓል አልነበረም። ኢድና አረፋ፣ መውሊድም የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ነው። ስለ መብት ብዙ ዲስኩር ሰምቻለሁ፤ ለጎረቤት መብት ፀሐይ ላይ ወጥቶ መቆምን የሚያህል ግን አላገኘሁም። «መብቴ ነው» ማለትንማ ሕፃን ልጅም በከረሜላ ጊዜ ይችለዋል።

ስለዚህ የብሎኬ ነዋሪዎች፣ የሌላውም ብሎክ ወገኖች፣ ትልቅ ነገር አልለምናችሁም። አንቀጽ 27ን በምትጠቅሱበት ጊዜ እባካችሁ እስከ ንዑስ አንቀጽ 5 ድረስ ውረዱ። ጋሼም ሶፋውን ያንሡልን። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጉና ተኙ፤ ነገ ሥራ አለ፣ እኛም እንተኛ።